ለቲቦር ብዬ የተማርኩት ቋንቋ

ኖቬምበር 4
ዝናብ። በርገን ሌላ ምን አላት? ዓሣ ገዛሁ፤ መስኮት ወለወልኩ።
ከሰዓት ልጄ ሂልደ ደወለች። አባቷ ቲቦር የአረጋውያን ማረፊያ ከገባ ሦስት ሳምንቱ። የመርሳት ሕመሙ ብሶ ኖርዌይኛው ጠፋው አለች። ጭራሽ። የቀረው የልጅነት ሀንጋሪኛው ብቻ ነው።
«እማ፣ አንቺ ትችያለሽ አይደል?»
እችል ነበር... ከተፋታን ሃያ ስድስት ዓመት። ከማን ጋር ላውራው?

ኖቬምበር 5
እምቢ ልላት አስቤ ነበር። ጥሎኝ የሄደ ሰው! ግን እኮ በሃያ ሦስት ዓመቴ ለእሱ ብዬ ነው የተማርኩት።
ሂልደ እንዳትማረው ግን ራሱ ከለከለ። በዘጠኝ ዓመቱ ከሀንጋሪ ተሰዶ ሲመጣ ትምህርት ቤት በአነጋገሩ ስቀውበታል። «ኖርዌያዊት ናት፣ በቃ። ማንም አይስቅባትም» አለ። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ኖቬምበር 9
ከሂልደ ጋር ሄድኩ። ቲቦር ከስቷል። «እንደምን ዋልክ» አልኩት በሀንጋሪኛ... ቀጥሎ ያለው ቃል እምቢ አለ። የትምህርት ቤት ጀርመንኛዬ ዘው አለ! ሳቀ።
«ከየት ነዎት? አነጋገርዎ እንደ ሕፃን ነው።»
አንቱ አለኝ። ሃያ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን...
ሂልደ እጁን ያዘች። መነጨቃት። «ይቺ ሴትዮ ማናት? አስወጡልኝ!»
«ምን አለ?»
«እጅሽ ይሞቃል አለ።»
ፈገግ አለች። ምን ነካኝ?

ኖቬምበር 17
ጠዋት ጠዋት የሀንጋሪ ሬዲዮ እሰማለሁ። ግማሹ ያመልጠኛል። ትራስ፣ ማንኪያ፣ ያመኛል... ተመልሰዋል። «ይቅርታ» ገና።

ኖቬምበር 23
ዛሬም ዋሸሁ። «ሴት ልጅ የለኝም» አለ። «ጸጉርሽ አምሮብሻል አለ» አልኳት። ብነግራትስ? ትሰበራለች...

ዲሴምበር 2
አልሄድኩም። ጉንፋን ነው አልኳት። ጉንፋን የለብኝም።

ዲሴምበር 14
ሂልደ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ስልኳን አውጥታ የቋንቋ መማሪያ አሳየችኝ። ሀንጋሪኛ እየተማረች ነው! አባቷ ማረፊያ ከገባ ጀምሮ፣ በየቀኑ፣ አውቶቡስ ውስጥ።
«‹ሴት ልጅ የለኝም› ነበር ያለው። እስክትነግሪኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩሽ፣ እማ።»
«እንዳትጎጂ ብዬ...»
«አባባም እንዳልጎዳ ብሎ ነው የከለከለኝ። ሁለታችሁም ተዉኝ እስቲ!»
ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ተከትያት ገባሁ።
አጠገቡ ተቀመጠች። እየተንተባተበች፣ ቃል በቃል፤ «እኔ... ሂልደ... ነኝ።»
ቲቦር ትክ ብሎ አያት። አላወቃትም። ግን አላባረራትም። የሆነ ነገር ጠየቃት፤ ፈጥኖ ነበር፣ አመለጣት።
ወደ እኔ ዞረች። «እውነቱን።»
«‹ነገም ይመጣሉ?› ነው ያለሽ።»
ዓይኔን መረመረችው።
«‹እመጣለሁ› እንዴት ነው የሚባለው?»
ነገርኳት። ደግማ ደጋግማ አለችው። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ ያስተማርኳት የመጀመሪያው የሀንጋሪኛ ቃል ይሄ ነው።