የሰንጢዬ ጫፍ

አንቺዬ፣

ዕቃሽን ልትሸክፊ ስትመጪ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። የሻወሩ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው።

ሰንጢዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሻለሁ፤ የካርቶን ገመድ ቁረጪባት። ከገዛኋት ስድስት ወሯ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ናት። ስለቷ አልዶለዶመም፣ በአንድ እጅ ትከፈታለች። ስትታጠፍ ግን ጣት ትነክሳለች፤ ተጠንቀቂ።

ጫፏ እንደተሰበረ ነው። "የምግብ ጣሳ ከፍተሽባት ነው" ብዬሽ ነበር። "ኧረ እኔ አልነካኋትም!" ስትዪኝ፣ "ታዲያ አይጥ በላው?" አልኩሽ፤ ያውም እህትሽ ፊት።

ትናንት መሥሪያ ቤት የመብራቱን ቆጣሪ ሳጥን ልከፍት ስል ጫፏን አገኘሁት። የሳጥኑ ብሎን ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። ለካ ያን ሰሞን መፍቻ ለማምጣት ሦስት ፎቅ መውረድ ታክቶኝ፣ ብሎኑን በሰንጢ ስታገል የሰበርኳት እኔው ነኝ።

ለእህትሽ ደውዬ ነግሬያታለሁ። አንቺ ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፈው። ማባበል አልችልበትም፤ ደግሞም ደክሞኛል። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

አከራያችን ክፍልሽን ለመከራየት የምታይ ልጅ በአሥር ሰዓት ይልካሉ። እዚሁ ለመቅረት ከወሰንሽ በሩን አትክፈቺላት።