አሥሩ ክቦችና የእማዬ ጠበል

ሰኞ፣ 10 ኖቬምብሬ

አይደለም! ድግምት አይደለም፣ ክታብም አይደለም፣ ስንቴ ልናገር! ሥዕል ነው። በመስመር የተያያዙ አሥር ክቦች፣ በላያቸው የዕብራይስጥ ፊደል። የሲኞራ ሟች ባል በእጃቸው ሥለው ሳሎን የሰቀሉት። እማዬ ግን ባለፈች ቁጥር ታማትባለች። አንተ ማስታወሻ እንኳ አታማትብ፣ ወረቀት ነህ።

አሎራ፣ እንግዲህ። እማዬ አሮጊቷን ሲኞራን በደሞዝ ታስታምማለች፣ ባዳንቴያቸው ናት። እኔ ት/ቤት ከተውኩ ወዲህ ፒኜቶ ሰፈር ክፍላችን ውስጥ ተጋድሜ እንዳልውል ጎትታ ትወስደኛለች። የሲኞራ ዓይን ስለደከመ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። አይሁድ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሥነ ልቦና ሐኪም ነበሩ። ከፈላስፎች ጋር በመጽሐፍ ጠርዝ ላይ ይሰዳደባሉ፣ በእርሳስ። አንዱን «ውሸታም!» ብለውታል። ወደድኳቸው።

የዛሬው ንባብ፦ መጀመሪያ እግዜር ሁሉን ቦታ ሞልቶት ነበር። ለሌላ ነገር መቆሚያ የለም። ስለዚህ ራሱን ሰበሰበ፣ ጠበብ አለ፣ በተወው ባዶ ቦታ ዓለም ገባች። ራሱን በራሱ ስፍራቶ አደረገ ማለት ነው? አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ስፍራቶን፣ ከቤት መባረርን፣ እኔ አውቀዋለሁ። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ከነበርንበት ቤት ፖሊሶች ከነፍራሻችን ሲያስወጡን ልጅ ነበርኩ። እግዜርን ግን ማንም አላስወጣውም። ወዶ ነው። ደነቀኝ፣ ተናደድኩም። ወዶ ቤቱን የሚለቅ ማን አለ?

ማክሰኞ

ከሲኞራ ጋር ተጨቃጨቅን። እግዜር ከሄደማ የለም ማለት ነው፣ አልኩ። እንደዛ የሚሉ ፈላስፎች ሞልተዋል አሉ። እሳቸው ግን ባዶው ቦታ ስጦታ ነው ባይ ናቸው። ታካሚ ሲያለቅስ ምክር አፋቸው ላይ ይመጣል፣ ይውጡታል፣ ዝም ሲሉ ሰውየው የራሱን ቃል ያገኛል። እናትም እንደዛው። ቤቱን ሁሉ ከሞላችው ልጇ የት ትቁም?

የት ትቁም! አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ እኔና እማዬ። ስነቃ እማዬ። ስተኛ እማዬ። ስልኬ ላይ እማዬ። አንተን ሳይቀር ታነብሃለች፣ ገጽህ በረኪና በረኪና ይሸታል።

ራት ላይ ነገርኳት። እግዜር እንኳ ጠበብ ብሏል፣ አንቺም ትንሽ ጠበብ በይ። ጮኼ ነው ያልኩት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይሄን ያናገረሽ ያ ሥዕል ነው አለች።

ረቡዕ

አበደች። በቃ አበደች።

ሳሎን ስገባ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን የጠበል ጠርሙስ ከፍታ ሥዕሉን ትረጫለች። በስመአብ እያለች። መስታወት የለውም፣ ወረቀት ነው! ቀለሙ ወረደ። የታችኛው ክብ ሟሟ። አንቺ ሴትዮ! ብዬ ጮህኩ። የገዛ እናቴን። ሲኞራ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ እርጥቡን በጣታቸው ነኩት። እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ከጀላት፣ ከዛ ኮቷን ይዛ ሮጠች።

ቤት ስደርስ የለችም። የድምፅ መልእክት ላከች፦ ቲቡርቲና ሰፈር፣ ጓደኛዬ ጋ ነኝ፣ ቤቱን ለቀቅኩልሽ፣ ተንፈሺ።

ሐሙስ

ክፍሉ ሰፊ ነው። በጣም ሰፊ። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ የፈለግኩት ይሄ አይደል? እንቅልፍ ግን የለም። ስደውል አታነሳም። ኧረ ጎረምሳዋ ማን ናት እዚህ ቤት?

ሲኞራ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። ይጮሁብኛል ብዬ መልሴን አውቶቡስ ላይ ሳጠና ነበር። አልጮሁም። ከክቦቹ የታችኛው እኛ ያለንበት ዓለም ነው አሉ፣ ባላቸውም ሲሥሉት እምቢ ያላቸው እሱ ነበር። በመጽሐፉ ታሪክም የእግዜር ብርሃን ወደ ባዶው ቦታ ሲፈስ ማሰሮዎቹ መያዝ አቅቷቸው ተሰባበሩ፣ የሰው ሥራ ስብርባሪውን መልቀም ነው። እና መልቀም ጀመሩ፦ እናትሽ ትደውልልኝ አሉ።

ልጃቸው የአባቱን ሥዕል ነገር ሰምቶ ተናዷል። ሰንበት እንደወጣ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሌላ ባዳንቴ ይዞ ይመጣል። ሊያስቆሙት ይችላሉ፣ ግን መመለስ እንደምትፈልግ ከራሷ አፍ መስማት አለባቸው። በእኔ አፍ አይሆንም። ዓርብ ፀሐይ ከገባች ደግሞ ሰንበታቸው ነው፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ስልክ አይነኩም። ለዓለም ለአንድ ቀን ቦታ እለቅላታለሁ አሉ። ለመንኩ። እምቢ።

ኮንትራቱ ከሄደ የእማዬ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አይታደስም። ይሄን እሷም ታውቃለች። አፍራ ነው ስልክ የማታነሳው። እፍረት ፔርሜሶ ያድሳል?

ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ

እማ። ዛሬ ለማስታወሻው አይደለም፣ ላንቺ ነው። ገጾቹን ፎቶ አንስቼ በዋትስአፕ እልክልሻለሁ። ሳይፈቀድልሽ ማንበብ ለምደሽ የለ፣ ዛሬ ተፈቅዷል።

ጠበብ በይ አልኩ እንጂ ጥፊ አላልኩም! ቦታ መተውና ጥሎ መሄድ ለየቅል ነው። አዎ፣ አንቺ ሴትዮ ብዬሻለሁ። አንቺም የሰው ሥዕል አጥበሻል። እኩል ነን።

ሲኞራ ጋ ደውዪ። ምን ልበል አትበይ። መመለስ እፈልጋለሁ፣ በቃ። ለዚህ ጣሊያንኛሽ ይበቃል። የጠበል ጠርሙስሽን አልጣሉትም፣ መጽሐፎቻቸው መሃል አቁመውታል፣ የእናትሽ ነው፣ ራሷ ትውሰደው ብለው። ቅዳሜም ሰንበት ናት የምትይው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ይገባሻል። ሰንበት ከገባች ስልክ አያነሱም።

አልጋው ላይ ያንቺን ጎን አልነካሁትም። ፀሐይዋ ከትራሙ ሽቦ በታች ወርዳለች። እሳቸው ጋ እንደጨረስሽ ለእኔም ደውዪ። አሁን፣ እማ። ሳይመሽ ደውዪ፣ ሳይመሽ።