የዘብሎን ስም ያለበት እንጨት

ውድ አባዬ፣

ያን ቅዳሜ ስስቅ ያየኸኝ ይመስለኛል። ጠይቄህ አላውቅም።

የገበያ አዳራሹን የብረት ምሰሶዎች፣ አናታቸው ላይ የአውራ በግ ራስ ያለባቸውን፣ የቀረጸው ቅድመ አያትህ ዘብሎን ነው ትል ነበር። የከተማው ታሪክ ግን የብረት ማቅለጫው ጌታ ኦበዳያ ክሬል በገዛ እጁ ቀረጻቸው ይላል። ያን ቅዳሜ መጠጥ ቤት ውስጥ ጓደኛህ ሆራስ ይቀልድብህ ጀመር።

"ሲላስ፣ የንግሥቲቱን ዘውድስ? እሱንም ዘብሎን ነው የሠራው?"

"ዘውዱን አላውቅም" አልከው። "በጉን ግን እሱ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከሚስቁት ጋር መሆን ፈልጌ ነበር። ቢራህን ሳትጨርስ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ የዘብሎንን ስም ካፍህ አልሰማሁም።

አንተን ከቀበርን በኋላ የክሬልን ታሪክ ማጥናት ጀመርኩ። ልጠላው ነበር የሄድኩት። መዝገብ ቤት ተቀምጬ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሠራተኛ ሲቃጠል ራሱ ጋሪ ነድቶ ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል፤ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ሰው አረፈድክ ብሎ ይቆጣዋል። መጥላቱም መውደዱም አቃተኝ። ስለ በጉ ግን አንድም ቃል የለም። እኔ ቀረጽኩት አይልም፤ ዘብሎን ቀረጸውም አይልም። ፈራሁ። አባቴ ጉረኛ ብቻ ቢሆንስ?

ከዚያ በሙዚየሙ ምድር ቤት አናቱ ላይ የአውራ በግ ራስ ያለበት አንድ ረጅም እንጨት ተገኘ። አሸዋ ላይ ታትሞ የቀለጠ ብረት የሚፈስበትን ጉድጓድ የሚያወጣው የእንጨት አምሳያ። በውስጥ በኩል በጋለ ብረት የተጻፈ ስም አለው፦ ዘብሎን ትሮማንስ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ሚስተር ፓርጂተር ለካው።

"አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ። የአዳራሹ ምሰሶ ልክ አሥራ ሁለት ጫማ ነው። ይሄ በአንድ ኢንች ተኩል ይረዝማል። የሌላ ሕንፃ መሆን አለበት።"

አመስግኜው ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ነው ትዝ ያለኝ። ልጅ ሳለሁ በቅርጽ ሥራ ማስመሪያህ ለክቼ የቆረጥኩት መደርደሪያ ሁለቱ ግድግዳዎች መሃል አልገባ ብሎኝ ሳለቅስ፣ "ይሄ ማስመሪያ እኮ ገና ላልተወለደ ብረት ነው" ብለህ ሳቅህብኝ። "ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። እንጨቱ አስቀድሞ ትርፍ ይይዝለታል።"

በማግስቱ ማስመሪያህን ይዤ ሄድኩ።

"እስቲ በዚህ ይለኩት።"

ለካ። ደግሞ ለካ። "አሥራ ሁለት ጫማ" አለ። "ማስመሪያው ስህተት ነው እንዴ?"

"ሆን ተብሎ። ለየጫማው አንድ ስምንተኛ ኢንች ይጨምራል፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ያህል ያጥራል። ቅርጽ ሠሪ ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው።"

ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። "ሠላሳ ዓመት እዚህ ስሠራ የነገረኝ የለም።"

"ጠይቀው ያውቃሉ?"

ማስመሪያውን አገላብጦ አየው። መልካም ሰው ነው፤ አልጨከንኩበትም።

ትናንት በአዳራሹ ስብሰባ ነበር። አዲሱ የከተማው ታሪክ መጽሐፍ ምሰሶዎቹን ዘብሎን ቀረጸ ብሎ እንዲያወጣ የተሰበሰቡት ተስማሙ። በመጨረሻ ፓርጂተር ብዕሩን አነሳና ስለ ማስመሪያው ምንጬን ጠየቀኝ።

"የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያገኙት?"

"መጽሐፍ አይደለም። አባቴ ነው የነገረኝ።"

"እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም እኮ።"

ከኋላ ወንበር ሳል ተሰማ። ሆራስ ነው፤ በከዘራ ነው የሚሄደው አሁን።

"ጻፈው፣ ሰውዬ" አለ። "ሲላስ ነው የነገራት። እኛም ነግሮን ነበር።"

ከገጹ ግርጌ እንዲህ ተብሎ ይታተማል፦ "ምንጭ፦ ሲላስ ትሮማንስ፣ ቅርጽ ሠሪ፤ ለልጁ በቃል የነገራት።"

የምትኮራብህ ልጅህ፣
ዊኒፍሬድ