በእግርህ ውስጥ ስላለው ብረት

ይድረስ ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ እጅጉ፤ አረርቲ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? የክረምቱ ጭቃና ብርድ እንደምን አለፈላችሁ? እማዬስ ዓይኗ ባሰባት ወይስ እንደ ነበረ ነው? ዛሬም ሰው ገና ደጅ ሳለ በኮቴው ትለያለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ለወጉ አይደለም፤ እህልም ይበላልኛል፣ እንቅልፍም ይወስደኛል፣ የቤቱ ሰዎችም ክፉ አይደሉም።

ደብዳቤህ ከመስቀል በኋላ ደረሰኝ። ጠበል ከገባህ ወዲህ ጭንህ ላይ ካለው ቁስል ጥቁር ነገር እየወጣ መሆኑን፣ እማዬም «ሕመሙ ለቀቀው» ብላ እልል ማለቷን ጽፈህልኛል። ደስ ብሎህ እንደ ጻፍከው ከአጻጻፍህ ያስታውቃል። እኔ ግን እሱን ሳነብ የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ከፍቼ ረስቼው ወለሉን አጥለቀለቀው። አሠሪዬ ማዳም ሱአድ ልትቆጣኝ መጥታ ፊቴን ስታየው ቧንቧውን ራሷ ዘጋችው። ለምን እንደ ደነገጥኩ ልንገርህ፤ ይህንንም ለእማዬ ሳትዘል አንብብላት።

ማዳሜም እንዳንተው በጭኗ ብረት ነበረባት። በአገሯ ጦርነት ጊዜ ቤታቸው በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ጭኗ ተሰብሮ፣ ሐኪሞቹ አጥንቷን በሰሌዳ ብረትና በብሎን አሰሩላት። እኔ ስመጣ እግሯ ይጠዘጥዛት ነበር። ብርድ ነው እያለች ሱፍ ትጠመጥማለች፤ እኔም የወይራ ዘይት አሙቄ አሻታለሁ፤ እኛ ቤት በቅቤ እንደምናሸው ማለት ነው። ባለፈው መጋቢት ግን እግሯ አብጦ ቆዳው ጠቆረ። ሐኪም ቤት ወሰድናትና ብረቱን አወጡላት።

አስታማሚዋ እኔ ስለነበርኩ ሐኪሙ ብረቱን ሲያሳያት አብሬ አየሁት። መሐሉ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ብሎኖቹ የገቡባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያቸው ግን ነቀዝ እንደ በላው ባቄላ ተቦርቡሯል። በዚያ በኩል ያለው ሥጋዋም ጥላሸት የተቀባ መስሎ ጠቁሮ ነበር አላት። የሰው ደም ጨው አለበት፣ ጥሩ የተባለውም ብረት ዓመት ሲቆጥር ይበላል፣ መበላት የሚጀምረውም ብሎኑና ሰሌዳው ተጣብቀው እርጥበት በሚታቆርበት ጠባብ ቦታ ነው ብሎ አስረዳት። እኔ ይኼኔ ኻልዴ ያለው የእህቷ ቤት ትዝ አለኝ። ቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ የሰገነቱን ብረት በየዓመቱ ፍቄ ቀለም የምቀባው እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም ቀድሞ የሚዝገው ብሎኑ ሥር ነው። ይህን ብነግራት ማዳሜ አልጋዋ ላይ ሆና «ያኒ፣ ለካ እኔም ውስጥ ባሕር ነበረ፤ ኸላስ፣ አለቀ፣ ወጣልኝ» አለች። አሁን በከዘራ ትሄዳለች። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ እግሯን ታጣው ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ አንተም ጦር ሜዳ ቆስለህ ብረቱ ከገባልህ እነሆ ስምንት ዓመት ሆነው። ያኔ ሐኪሙ በሁለት ዓመትህ ተመለስ፣ እናወጣዋለን ብሎህ ነበር። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦሩ ተበተነ፣ አንተም የቀድሞ ወታደር መባሉን ፈርተህ አገር ቤት ገብተህ ቀረህ። በዚህ አልፈርድብህም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያንተ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ግን የሚያውቅ ሰው ራጅ አንሥቶ ይየው። የወጣው ሕመሙ ሳይሆን ብረቱ እየተበላ ቢሆንስ ብዬ ስለምፈራ ነው።

ጠበልና መድኃኒት አይደባለቅም፣ ሱባኤውን ሳይጨርስ ሐኪም ቤት አይሄድም ብላ እማዬ እንደምትከለክልህ አውቃለሁ። እኔም በዚያው ያደግሁ ነኝ፤ ጠበሉን ብነቅፍ ምላሴ ይቆረጥ። የነፍስ አባታችንን አባ ሚልኪያስን ፈቃድ ጠይቃቸው። እሳቸው ሂድ ካሉህ እማዬ ቃላቸውን አታጥፍም። ከልክለው ካስቸገሩህ ለራሳቸው ዓይን አዲስ አበባ ድረስ ሄደው መነጽር አድርገው መምጣታቸውን በትሕትና አስታውሳቸው።

እማዬ በወሬ እንደማታምን ስለማውቅ ማዳሜን ያንን ብረት ለመንኳት። በነጭ መሐረብ ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። መሐረቡን ፈትታ አይታው መልሳ ጠቀለለችውና «ለወንድምሽ ከሆነ ያላ፣ በይ ውሰጂው» አለችኝ። ይህን ደብዳቤና ብረቱን የምታደርስልህ ፋጡ ናት፤ እዚሁ ቤይሩት ዳሒዬ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ አሁን ጠቅልላ ወደ ወሎ የምትገባ ጓደኛዬ ናት። በእናንተ በኩል ዞራ ልታልፍ ቃል ገብታልኛለች፤ ቤት ያፈራውን ሳትቀምስ እንዳትለቋት።

እማዬ ስለማታይ ብረቱን እጇ ላይ አድርግላት። መጀመሪያ ለስላሳውን መሐሉን ትዳስስ። ከዚያ ጣቷን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ አዙርላት። አንተ ምንም አትናገር። ስትጨርስ እጇን ወስደህ ጭንህ ላይ አሳርፈው።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ። ለባለቤትህ ለቦሰና፣ ቁስልህን ሳትጠየፍ ለምታጥብልህ፣ እህቴ ትልሻለች በላት። ልጅህን ሰላማዊትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አደራ። አባ ሚልኪያስን መስቀላቸውን ከሩቅ ተሳልሜያለሁ በላቸው።

ወንድም ጋሼ፣ ወደዚህ ስመጣ አንቺ ሻንጣ አትሸከሚም ብለህ፣ እያነከስክ አውቶቡሱ ድረስ የሸኘኸኝ በዚያው እግርህ ነው። ስመለስም በእሱ ቆመህ ተቀበለኝ።

እህትህ ዝናሽ

ቤይሩት፣ ፉርን ኤል ሸባክ
ጥቅምት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.