የጠዋቱ መርፌሽ

አቻምየለሽ፣

የቡሬው መኪና ሊሄድ ስለሆነ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ።

የስኳር መርፌሽን ግራ ሆድሽ ላይ አትደጋግሚው፤ ደድሯልና ቀኙን ውጊ። የቀባሽው አልኮልም ይድረቅልሽ፤ አለበለዚያ ያቃጥላል።

መድኃኒቱ እርጥብ አሸዋ ካለበት ማሰሮ እንደወጣ ቀዝቃዛ ነው፤ እንዲያው ከተወጉት ያማል። አንቺ ይሄን አታውቂውም። ጎህ ሲቀድ አወጣውና ብብቴ ሥር ይዤው ተመልሼ እጋደም ነበር።

ለአከራያችን ለእትዬ አምለሰት ስለ እኔ «ያቺ እንደሆነ ካልረፈደ አትነሳም» ያልሻቸውን ሰምቻለሁ። የምሄደው ግን በሱ አይደለም፤ ሥራ አግኝቼ ነው።

ቡሬ የማውቀው ሰው የለም።

የዛሬውን መድኃኒት በነጠላዬ ጠቅልዬ ራስጌሽ አስቀምጬዋለሁ፤ ገና ሙቀቴ አለበት።

ሳይበርድ ተነሺ።

ያምሮት