ደጃፍ ላይ የቀረው ሳህን

ሰፍሩ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1998

በአንድ ግድግዳ ጎረቤቴ ሆና ለኖረችው እህቴ፣ ለፍረሓ

ለማንም ነግሬው የማላውቀው ይህ ነው፦ በዚያች የሚሙና ማታ በሬን እንዳልከፍትልሽ የከለከለኝ ሰው አልነበረም። አላል አልከለከለኝም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በባሌ ላይ ዋሸሁ።

ይህን ልነግርሽ የሚገባኝ ልትረግሚኝ በምትችዪበት ጊዜ ነበር። አሁን አሽዶድ አፈር ውስጥ ነሽ። ልጅሽ መስዑዳ ካረፍሽ ሁለት ወር እንደሆነሽ በስልክ ስትነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ለሱም ይቅር በዪኝ። እንባው የመጣው በማግስቱ፣ ባቄላ ስፈለፍል ነው።

ታስታውሻለሽ፣ ፋሲካችሁ ሲቃረብ ቤትሽን እስከ ጣሪያው ጠርገሽ፣ የተረፈሽን ዱቄትና የእርሾውን ማሰሮ አቅፈሽ ትመጪ ነበር፤ ስምንት ቀን ሙሉ እርሾ የነካው ነገር ከእናንተ ቤት አይገኝም። «አደራ እንዳታስርቢው፤ ከባልሽ ይብሳል፣ ሲበላ አይጠግብም» ትዪኛለሽ። አላልም ከጓሮ ሆኖ፣ «ሰምቻለሁ ፍረሓ! ዘንድሮ ማሰሮውን ጭምር ነው የምበላው!» ይል ነበር። በስምንተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ እርሾሽን፣ ወተት፣ ቅቤና ለጋ የስንዴ እሸት በትሪ ይዤ እገባለሁ። እኔ ሳልገባ ሊጥ አይቦካም፣ የፋሲካው መውጫ ሚሙናም አይጀመርም። እንዲህ ሆነን አሥራ አራት ዓመት።

ዓረቦችና አይሁድ ከተዋጉበት ከሰኔው ጦርነት በኋላ በመጣው ፋሲካም እርሾሽን እንደ ወትሮው ተቀበልኩ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ግን ዳቦዬን ተሸክሜ ወደ ሰፈሩ ምድጃ ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። የቆዳ ፋቂው ሚስት ሩቂያ፣ «መንገድ ልቀቁላት፤ የአይሁድ ወተት ተሸካሚ መጣች» አለች።

«ተያት፤ ዛሬ ማታ ማር ሊያጎርሷት ነው፣ ቀንቷታል በሏት» አለቻት ሌላዋ።

ሳቁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣች። ይኸው ነው። ከዚህ የባሰ አልደረሰብኝም። እጁን ያነሣብኝ አልነበረም።

ማታ አላል ወተቱን ራሱ ገዝቶ መጣ። እሸቱን አጥቦ ትሪው ላይ ደረደረና፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሰዎቹ ዓይናቸው በር በሩን እያየ ነው እኮ» አለኝ።

«ራሴን አሞኛል።»

«እንግዲያው እኔ ላድርሰው።»

«የሴት ትሪ ተሸክመህ? ሰው ይስቅብሃል። ትንሽ ጋደም ብዬ እሄዳለሁ» አልኩት። አመነኝና ወደ መስጊድ ወጣ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። «አክስቴ ህኒያ! እማዬ እሳቱ ነዷል ብላሻለች!» መስዑዳሽ ነበረች፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። መወርወሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። በበሩ ሥር አዲሱ የበዓል ጫማዋ ይታየኛል። «አክስቴ፣ ተኝተሻል እንዴ? ለእርሾው ሳህን አምጥቼልሻለሁ።» ሩቂያ ከማዶ በመስኮቷ ታይ ይሆናል ብዬ መወርወሪያውን ሳልስበው ቀረሁ። ልጅቱ ጥቂት ቆየች። በኋላ ሳህኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እንድሞላው።

በአራተኛው ቀን የጭነት መኪና በራችሁ ላይ ቆመ። ባልሽ ይሹዓ ዓመት ሙሉ ሲያመነታበት የከረመው ጉዞ በዚያች ማታ ቁርጥ እንደሆነ በኋላ ጻፍሽልኝ። «ህኒያ እንኳ ካልመጣች ማን ቀረን?» ብሎ ነበር አልሽ።

እርሾሽ እኔ ዘንድ ቀረ። ልጥለው አልቻልኩም፤ ጋገርኩበት። እንደዚያ ያማረ ዳቦ ወጥቶልኝ አያውቅም። አላል ቆርሶ ወደ አፉ ሲያደርስ ቆም አለና፣ «በማን እርሾ ነው?» አለኝ። ትሪውን ማንሣት ስጀምር ቁራሹን መልሶ አስቀመጠው። እስኪሞት ድረስ ስለዚያች ማታ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ደብዳቤሽ በፓሪስ ዞሮ የደረሰኝ በሁለት ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ አነበበልኝ። «ምን በደልንሽ?» ትያለሽ። አስተማሪው ብዕሩን ይዞ መልሴን ይጠብቃል። በባዳ ሰው ፊት «ፈራሁ» ማለት አቃተኝ። «ባሌ ከለከለኝ ብለህ ጻፍ» አልኩት። አንቺም አመንሽኝ። አላል ሲሞት በመስዑዳ እጅ አጽፈሽ የላክሽልኝ ማጽናኛ እዚህ ሳጥኔ ውስጥ አለ፦ «አንቺን ያጽናሽ። እሱን ግን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።»

ያንን ወረቀት ሰው ነው ያነበበልኝ። ከዚያ ወዲያ በአላል አሮጌ ጋዜጦች ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ፊደል ለየሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በሰው እጅ ማስጻፍ አይቻልምና። ማንበብና መጻፍ ከቻልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አሥራ አንዱንም ዓመት ዝም አልኩ።

መስዑዳ ፌዝ ከተማ ደርሳለች። ነገ የአያቷን መቃብር ትጎበኛለች፤ ቅዳሜ ሰንበቱ ሲወጣ ሚሙናን እኔ ቤት ልታደርግ ነው። በስልክ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አክስቴ፣ ካንቺ ጋር እበላለሁ። የሱን ፎቶ ብቻ ከግድግዳው አንሺልኝ።»

እሺ አልኳት። እሺ አልኳት፣ ፍረሓ። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። እሸቱን ያጠበውን ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ዛሬ ጠዋት መልሼ ሰቀልኩት፤ ከዚያም ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ በሬን ወለል አድርጌ እከፍተዋለሁ። ሳህኑን ሞልቼ ደጃፉ ላይ አኖረዋለሁ። እርሾው ያንቺ አይደለም፤ ያንቺው በዚያ ዳቦ አልቋል። ልጅሽ ይህን ወረቀት አንብባ ሳትመጣ ብትቀር እውነት አላት፤ በሩ ግን ሳይዘጋ ያድራል።

አላህ አፈሩን ያቅልልልሽ። ለአላልም ያቅልልለት፤ አሁን ከሱ ጋር አንድ አገር ናችሁ፣ ካገኘሽው አንቺው ታረቂው።

ህኒያ፣ የአላል ሚስት

ይህ ወረቀት ነገ የሚሰጠው ለመስዑዳ፣ ለይሹዓ ልጅ፣ ሳህን ይዛ በሬን ላንኳኳችው ነው።