ከኋላ የተከፈተው ደብተር

ነሐሴ 4
ሙቀት። ሌላ ምን አዲስ ነገር አለ?

ሸፊቃ በአጥር ጠራችኝ። ባሏ መሐሙድ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁን ዕቃውን እያደለች ነው። ሸሚዞቹ ለወንድሙ፣ ሬዲዮኑ ለጎረቤታችን ለአዩብ... ለእኔ የደረሰኝ የልጃቸው የሆዳን አሮጌ ደብተሮች፣ አንድ ፌስታል ሙሉ። "ባየሁት ቁጥር ያመኛል፣ ውሰጂልኝ" አለች። በወሩ መጨረሻ ጀልዴሳ ያለችው እህቷ ጋ ልትገባ ነው። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት። እኔን ግን ማንም አላማከረኝም።

ነሐሴ 6
ከባዶዎቹ ገጾች የራሴን ማስታወሻ እሠራለሁ። ሸፊቃ ከሄደች ሰው የማማው ከማን ጋር ነው? ፍልሰታ ነው፣ ሐሜት አይፈቀድም... በጽሑፍ ግን የከለከለ የለም። እስከዚያው የአምና ካላንደር ጀርባ ላይ እጽፋለሁ።

ስልክ ላይ ያየኋት ልጅ አንድ ደብተር በአራት ደቂቃ ሰፍታ ጨረሰች። ጥፍሯ እንኳን አልተነካም።

ነሐሴ 9
አራት ደቂቃ! ይኸው ሦስተኛ ቀኔ።

ደብተር ሁሉ ከኋላ ባዶ ነው። ተማሪ መስከረም ላይ ይጽፋል፣ ግንቦት ላይ ይሰለቸዋል። ስለዚህ የኋላውን ግማሽ ገንጥዬ አስቀምጣለሁ፣ የፊቱን ከሰል አቀጣጥልበታለሁ። አሁንማ ሳላይ ነው የምገነጥለው። ባለሙያ ሆኛለሁ።

ነሐሴ 12
አለቀ። በጆንያ መርፌ ሰፋሁት፣ የፓስታ ካርቶን አለበስኩት። ጣቴን ሁለቴ ወግቻለሁ። ትንሽ ጠሟል... "የእጅ ሥራ" ማለት ይኼ ነው መሰለኝ። ነገ ለሸፊቃ አሳያታለሁ፣ ትቅና።

ነሐሴ 13
ጉድ ሠርቻለሁ።

ሸፊቃ ተቀብላ ከመጨረሻው በኩል ከፈተችው። ዐረብኛ ከቀኝ አይደል የሚጀምረው? የለመደችው እንደዚያ ነው። ጠጋ ብዬ ባየው... ገጹ ሙሉ ጽሑፍ። ለካ የሆዳን የዐረብኛ ደብተርም ፌስታሉ ውስጥ ነበር። የእሱ ባዶ ከፊት ነው! ባዶውን አቃጥዬ የተጻፈውን በጥንቃቄ ሰፍቻለሁ። ብራቮ፣ ዝናሽ።

ይቅርታ ልላት ስል ጣቷን የላይኛው መስመር ላይ አሳረፈች።

"የመሐሙድ እጅ ጽሑፍ ነው" አለች።

ሆዳን ትንሽ እያለች በየገጹ አናት አንድ መስመር ይጽፍላታል፣ እሷ ከሥሩ ትገለብጣለች። ሸፊቃ ደብተሩ መኖሩን ረስታዋለች። የቀረውስ? አለችኝ። ከሰል አቀጣጠልኩበት፣ ባዶውን ነው፣ አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ደብተሩን እዚያው ትቼላት መጣሁ።

የሳምንት ልፋቴ... ይሁን።

ነሐሴ 28
ጠዋት ሄደች። ሁሉን ሰጥታ ባዶ እጇን ነበር ልትሄድ ያሰበችው። የእኔን ጠማማ ደብተር በሻሽ ጠቅልላ፣ ሻንጣ ውስጥ እንኳን ሳታስገባው፣ ብብቷ ሥር ይዛው ወጣች። ግቢው ጭር ብሏል። ከፍቶኛል፣ ምን እደብቃለሁ?

ይህን የምጽፈው ከታይዋን ገበያ በገዛችልኝ አዲስ ደብተር ላይ ነው። አበባ አለው፣ ቁልፍ አለው። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ ትልቅ ቀስት ሥላ ጽፋበታለች፦

"አቦ ዝናሽ፣ በዚህ በኩል ነው የሚከፈተው።"